አብሮ መቀመጥ ሥራ ሲሆን

እኩለ ሌሊት ላይ ከውጭ አገር ስልክ ሲደወል ልብ ምን እንደሚል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔም ባለፈው ዓመት አንድ ሌሊት ስልኬ ጮኾ ብነቃ የአሜሪካ ቁጥር ነው። የደወለችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ደግነቱ የሞተ ሰው አልነበረም።

«ልጄ አብዳለች» አለችኝ።

ልጇ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እዚያው ተወልዳ፣ እዚያው ተምራ ጥሩ ሥራ ይዛለች። አሁን ግን ሥራዋን ለቅቃ ጓቲማላ የምትባል አገር ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃደኝነት ልትሄድ ነው። «ምን ልትሠራ?» አልኳት አክስቴን።

«ምንም! ራሷ ናት ያለችኝ። ‹እማዬ፣ እዚያ ሄጄ የምገነባው ትምህርት ቤት የለም፤ ከሰዎቹ ጋር እሆናለሁ እንጂ› ትለኛለች። ለዚህ ነው በሁለት ሥራ ያስተማርኳት? አንቺ በቢዝነስ የተመረቅሽ፣ ነገር የሚገባሽ ልጅ ነሽ። እስቲ ምከሪያት።»

ልመክራት ቃል ገባሁ። ለመምከር ግን መጀመሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝና በሥራ ቦታዬ በምጠይቀው ጥያቄ ጀመርኩ፦ ይህ ነገር ለማን ነው የሚጠቅመው? ጥቅሙስ ምንድን ነው? መልሱን ሳገኝ ስለ ጓቲማላ ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችን ቤተሰብም የማላውቀውን ነገር አወቅሁ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩላችሁም ለዚያ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የእኛን ስጠቅስ «ዓ.ም.» እላለሁ።)

ሥራ ይዘው የሚመጡና ሳይዙ የሚመጡ

ለወላጆቻችን ትውልድ «የውጭ በጎ ፈቃደኛ» ሲባል ወዲያው ትዝ የሚላቸው የሰላም ጓድ ነው። በ1955 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገቡት ወጣት አሜሪካውያን በየክፍለ ሀገሩ ሂሳብ፣ ሳይንስና እንግሊዝኛ አስተምረዋል። እነሱ ሥራቸውን ይዘው የመጡ ነበሩ። ኖራውን ጨብጠው ክፍል ሲገቡ ለምን እንደመጡ ማንም አይጠፋውም።

የአክስቴ ልጅ የምትሄድበት ግን ሌላ ዓይነት ነው። መብታቸውን የሚጠይቁ ሰዎች፣ ማለትም መሬታቸውን የተነጠቁ ገበሬዎች፣ የጠፉ ልጆቻቸውን የሚፈልጉ እናቶች፣ በፍርድ ቤት የሚመሰክሩ ሽማግሌዎች ሕይወታቸው አደጋ ላይ ሲወድቅ «አብራችሁን ሁኑ» ብለው የውጭ ሰዎችን ይጠራሉ። የተጠሩት ሰዎች መሣሪያ አይዙም፣ ገንዘብ አያድሉም፣ ምክር አይሰጡም። ከጠሯቸው ሰዎች ጋር ይኖራሉ፣ ሲሄዱ ይከተላሉ፣ ያዩትን ይመዘግባሉ። ሥራው «አጃቢነት» ይባላል።

ይህን አሠራር በማስፋፋት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ፒስ ብርጌድስ ኢንተርናሽናል ነው። ድርጅቱ በ1981 በካናዳ ተመሥርቶ በ1983 ጓቲማላ ገባ። እዚያ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሆስፒታል ወደ አስከሬን ክፍል

ጓቲማላ ከ1960 እስከ 1996 ድረስ ለ36 ዓመታት በእርስ በርስ ጦርነት ውስጥ ነበረች። በተባበሩት መንግሥታት ድጋፍ የተቋቋመው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን በ1999 ባወጣው ሪፖርት ከ200,000 በላይ ሰዎች እንደተገደሉ ወይም ደብዛቸው እንደጠፋ ገልጿል። ማንነታቸው ከታወቀው ሰለባዎች 83 በመቶዎቹ የማያ ተወላጆች ናቸው። ከተመዘገቡት ጥሰቶች 93 በመቶውን የፈጸሙት የመንግሥት ኃይሎችና አብረዋቸው የሚሠሩ ታጣቂዎች መሆናቸውንም ኮሚሽኑ አረጋግጧል።

በየካቲት 1984 ፈርናንዶ ጋርሲያ የተባለ ወጣት የሠራተኛ ማኅበር መሪ ተይዞ ደብዛው ጠፋ። ባለቤቱ ኒኔት ሞንቴኔግሮ ገና ሕፃን የሆነች ልጃቸውን ይዛ ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ አስከሬን ክፍል ተመላለሰች። እዚያ እንደ እሷው የሚመላለሱ ሴቶች አገኘች። አንዷ ባሏን፣ አንዷ ልጇን፣ አንዷ ወንድሟን ትፈልጋለች። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር የጋራ መረዳጃ ቡድን አቋቋሙ። በስፓኒሽ ምህጻሩ «ጋም» ይባላል።

በዚያ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ የሚያስተናግድ ቤት ማግኘት ቀላል አልነበረም። የፒስ ብርጌድስ በጎ ፈቃደኞች የሚኖሩበትን ቤት ከፈቱላቸው። ሴቶቹ እዚያ ተሰበሰቡ፤ ባለቤቶቹ በር ከመክፈት ያለፈ ነገር አልተጠየቁም።

በመጋቢት 1985 የአገሪቱ ወታደራዊ መሪ ቡድኑን በይፋ ወነጀለ። በወሩ መጨረሻ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረው ሄክቶር ጎሜዝ ተገድሎ ተገኘ። በቀብሩ ላይ የተናገረችው ሮሳሪዮ ጎዶይም ከቀናት በኋላ፣ ሚያዝያ 4፣ ከሁለት ዓመት ልጇና ከወንድሟ ጋር ሞታ ተገኘች። ባለሥልጣናቱ «የመኪና አደጋ ነው» አሉ። ያመናቸው ጥቂት ነው።

የቀሩት መሪዎች ሁለት ምርጫ ነበራቸው፤ መሰደድ ወይም መሞት። በጎ ፈቃደኞቹ ሦስተኛ ምርጫ አቀረቡ፦ «ከእናንተ አንለይም።» ከዚያ በኋላ ኒኔትና ጓደኞቿ ገበያ ሲሄዱ፣ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲያመጡ፣ ቤታቸው ሲያድሩ ቀንም ሌሊትም አንድ የውጭ ሰው አጠገባቸው ነበር።

ኒኔት ሞንቴኔግሮ አልተሰደደችም፤ አልሞተችምም። በ1995 የአገሪቱ ምክር ቤት አባል ሆና ተመረጠች። በ2005 የቀድሞው ፖሊስ መዝገብ ቤት በአጋጣሚ ተገኘና በሰነዶቹ ምስክርነት በ2010 ሁለት የቀድሞ ፖሊሶች በፈርናንዶ መጥፋት ተፈርዶባቸው እያንዳንዳቸው 40 ዓመት እስር ተቀጡ። አባቷ ሲጠፋ በእናቷ እቅፍ የነበረችው ሕፃን በዚያ ችሎት ላይ የሕግ ባለሙያ ሆና ከከሳሾቹ ወገን ቆማ ነበር።

አንድ ባዶ እጁን ያለ ሰው ምን ያስፈራል?

እኔን የገረመኝ ይህ ነው። ጠመንጃ የያዘ ሰው ማስታወሻ ደብተር ብቻ የያዘን ወጣት ለምን ይፈራል?

በሙያዬ ቋንቋ ላስረዳችሁ። መንግሥትም እንደ ድርጅት ስሙን ይጠብቃል። ብድር፣ እርዳታ፣ ንግድና ቱሪስት የሚመጣው በስም ነው። የአገሬው ገበሬ ጨለማ ውስጥ ሲገደል ለገዳዩ ወጪው ትንሽ ነው። የውጭ ዜጋ እያየ ሲገደል ግን ወጪው ይጨምራል። በጎ ፈቃደኛው ያየውን በዚያው ዕለት ለጽሕፈት ቤቱ ያሳውቃል፤ ጽሕፈት ቤቱ ለኤምባሲዎች ይደውላል፤ በሌላ አገር ያሉ ደጋፊዎች ለየምክር ቤት አባሎቻቸው ይጽፋሉ። ያ ሁሉ ጫና ተመልሶ ትእዛዙን በሰጠው ሰው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል።

ስለዚህ አጃቢው የሚያስፈራው በራሱ ጉልበት አይደለም። ከኋላው ያለው ሰንሰለት ነው የሚያስፈራው። ሰንሰለቱ ከሌለ አንድ የውጭ ሰው ወደ አደጋ ቦታ መሄዱ ጀብዱ ብቻ ነው።

ዋስትና ነው ብላችሁ ግን አታስቡ። በ1989 ጓቲማላ ከተማ ውስጥ በፒስ ብርጌድስ ቤት ላይ የእጅ ቦምብ ተወረወረ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሦስት በጎ ፈቃደኞች መንገድ ላይ በስለት ተወጉ። በኮሎምቢያ ደግሞ የሳን ሆሴ ደ አፓርታዶ ገበሬዎች በ1997 «ማንኛውንም መሣሪያ የያዘ ወገን አንረዳም» ብለው ራሳቸውን የሰላም ማኅበረሰብ ብለው ሰየሙ። የውጭ በጎ ፈቃደኞችም እዚያው መንደር ገብተው አብረዋቸው መኖር ጀመሩ። እንዲያም ሆኖ የካቲት 21 ቀን 2005 ከመሪዎቹ አንዱ ሉዊስ ኤድዋርዶ ጌራና ሕፃናት ጭምር ስምንት ሰዎች ተገደሉ። አጃቢ አደጋን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም። ልጇን የምትልክ እናት ይህን ማወቅ አለባት።

ከባዱ ሥራ ዝም ማለት ነው

የአክስቴን ልጅ ስልክ ደውዬ ለሁለት ሰዓት ያህል አወራኋት። ሥልጠናዋን ጨርሳለች። በጣም የከበዳት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። ስለ አደጋው ታወራኛለች ብዬ ነበር።

«አለመናገር» አለችኝ።

ሕጋቸው ጥብቅ ነው። ማኅበሩ ሲሰበሰብ አጃቢው ጥግ ይቀመጣል። የተሳሳተ የመሰለውን ውሳኔ ሲወስኑ እያየም አስተያየት አይሰጥም። ሰልፍ ሲወጡ መፈክር አያሰማም። ገንዘብ አያበድርም። ዩኒቨርሲቲ ለጨረሰ፣ ሁሉን ነገር «አሻሽለው» ተብሎ ለተማረ ወጣት ይህ ከባድ ፈተና ነው። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። ትግሉ የባለቤቶቹ ነው። የውጭ ሰው መምራት ከጀመረ በሁለት መንገድ ይጎዳቸዋል፦ ተቃዋሚዎቻቸው «የውጭ ኃይል መሣሪያ ናቸው» የሚሉበት ሰበብ ያገኛሉ፤ እሱ ሲሄድ ደግሞ ሥራው አብሮት ይሄዳል።

ሌላም የማይመች እውነት አለ። አጃቢነት የሚሠራው የአንዱ ሰው ሕይወት ከሌላው ይልቅ ውድ ተደርጎ ስለሚታይ ነው። የአሜሪካ ወይም የስዊድን ፓስፖርት የያዘ ወጣት ቢሞት ዜና ይሆናል፤ የማያ እናት ብትሞት አይሆንም። በጎ ፈቃደኞቹ ይህን ያውቃሉ፤ በሥልጠናቸውም ይከራከሩበታል። የአክስቴ ልጅ እንዲህ አለችኝ፦ «ፓስፖርቴ ለእኔ የተሰጠኝ እዚያ ስለተወለድኩ ብቻ ነው። ያልሠራሁበት ነገር ነው። ቢያንስ ላውሰው።»

አክስቴ የነገረችኝ

ያወቅሁትን ሁሉ ይዤ ለአክስቴ ደወልኩ። ስለ ጋም ሴቶች ነገርኳት። ከሆስፒታል ወደ ፖሊስ ጣቢያ፣ ከፖሊስ ጣቢያ ወደ አስከሬን ክፍል መመላለሳቸውን ስነግራት ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስለኝ ዝም አለች።

ታናሽ ወንድም እንደነበራት አውቃለሁ። በቀይ ሽብር ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም. «እንደጠፋ» በቤተሰባችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ ከዚያ ወሬው ይቀየራል። አክስቴ ያን ቀን ሌላውን ዓረፍተ ነገር ነገረችኝ። አያቴ ለአራት ወር በየቀኑ ስንቅ ይዛ ትሄድ ነበር። አክስቴ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሳህኑን የምትይዘው እሷ ነበረች። አንድ ጠዋት በሩ ላይ ያለው ጠባቂ «ከእንግዲህ አታምጡ» አላቸው። ሌላ ቃል የለም። አስከሬን የለም፣ ቀብር የለም፣ ድንኳን የለም። መንገድ ላይ ጎረቤት ሲያያቸው ፊቱን ያዞር ነበር።

«አልፈርድባቸውም» አለችኝ። «ፈርተው ነው። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው እንኳ እስከዚያ በር አብሮን ቢሄድ…»

አልጨረሰችውም።

ውድ አንባቢያን፣ እኛ እኮ አብሮ የመቀመጥን ዋጋ ከማንም በላይ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ለቅሶ ቤት ገብተን ምን እንሠራለን? ሟችን አናስነሳም። ብዙ ምክርም አንሰጥም። ጥግ ይዘን እንቀመጣለን፤ እናድራለን፤ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳይሆን እናደርጋለን። «ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የምንለውም ይህን አይተን ነው። አክስቴን ያቃጠላት ወንድሟ መሞቱ ብቻ አይደለም። በጣም ሰው በሚያስፈልጋት ጊዜ ሰው ማጣቷ ነው። ልጇ ሄዳ ልትሠራው የፈለገችው «ምንም» የተባለው ሥራ ያንን ነው።

ልጃችሁ «ልሂድ» ቢላችሁ

አክስቴ ወዲያው እሺ አላለችም። ጥያቄዎች እንድትጠይቅ መከርኳት፤ አብረን ጻፍናቸው። እናንተም ልጃችሁ ውጭ አገርም ሆነ እዚሁ አገር ውስጥ ለበጎ ፈቃድ ልሂድ ቢላችሁ ይጠቅሟችኋል።

ማን ጠራችሁ? የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው ካልጠሩ፣ ጥሪው የድርጅቱ ብቻ ከሆነ፣ ጉዞው ለሄያጁ እንጂ ለእነሱ አይደለም።

ሥልጠናው «አይሆንም» የሚባልበት ነው? ከባድ ድርጅት አመልካች ሁሉ አይቀበልም። ገንዘብ የከፈለ ሁሉ የሚሄድበት ፕሮግራም ከሆነ የምትገዙት ጉብኝት ነው።

ቋንቋውን ትችያለሽ? ያለ ቋንቋ አብሮ መሆን አስቸጋሪ ነው። የአክስቴ ልጅ ስፓኒሽ ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ ተምራለች።

ለስንት ጊዜ? ሰው ለመላመድ ወራት ይፈጃል። በተለይ ከሕፃናት ጋር የሚሠራ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሁለት ሳምንት ከርሞ የሚሄድ ሰው ወላጅ ላጡ ልጆች ሌላ መለየት ጨምሮባቸው ነው የሚሄደው።

ችግር ቢፈጠር ማን ለማን ይደውላል? መልሱ በጽሑፍ የተቀመጠ፣ ስምና ስልክ ያለው መሆን አለበት።

ስትመለሺስ? ብዙ የከፋ ነገር ሰምቶ የሚመለስ ወጣት የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋል። ይህ የእናንተም የቤት ሥራ ነው።

የአክስቴ ልጅ ስድስቱንም መለሰች። አራተኛው ላይ «አንድ ዓመት» ስትል እናቷ አለቀሰች። ስድስተኛው ላይ ግን «አንቺ ታዳምጪኛለሽ» አለቻት። ሻንጣውን አብረው አዘጋጁ።

ከተራራው የመጣ ስልክ

የተመደበችው ኔባህ በምትባል ከተማ ዙሪያ ባሉ የኢሺል ማያ መንደሮች ነው። የእነዚያ መንደሮች ሰዎች በ2013 ፍርድ ቤት ቀርበው በቀድሞው ወታደራዊ መሪ በኤፍራይን ሪዮስ ሞንት ላይ የመሰከሩ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ግንቦት 10 ቀን በዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ ብሎ 80 ዓመት ፈረደበት፤ ክሱ የ1,771 ኢሺሎችን ግድያ የሚመለከት ነበር። ከአሥር ቀን በኋላ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሻረው። ሰውየው በ2018 ሞተ፤ ጉዳዩ ገና በድጋሚ እየታየ ነበር። ምስክሮቹ ግን ወደየመንደራቸው ተመልሰው የቀድሞ ታጣቂዎች ጎረቤት ሆነው ይኖራሉ። አጃቢ የሚጠይቁትም ለዚህ ነው።

የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ትደውላለች። አብዛኛው ቀን ጀብዱ የለበትም። ጭቃ መንገድ በእግሯ ትሄዳለች፣ ባቄላና የበቆሎ ቂጣ ትበላለች፣ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ በቆሎ ትፈለፍላለች፣ ማታ ማታ ያየችውን ትጽፋለች። «እናቴ ልክ ነበረች፤ ምንም አልሠራም» ብላ ሳቀችብኝ።

ባለፈው ወር ግን ሌላ ነገር ነገረችን። ሁልጊዜ የምትጎበኛቸው አንዲት አሮጊት በልጅ ልጃቸው አስተርጓሚነት ጠየቋት፦ «አንቺ ልጅ፣ ከሩቅ አገር ለምን መጣሽ? የጠፋብሽ ሰው አለ?» እሷም ስለማታውቀው አጎቷ ነገረቻቸው። አሮጊቷ ስሙን ጠየቋት። ነገረቻቸው። ስሙ ለአፋቸው እንግዳ ስለሆነ ሦስት ጊዜ ደጋግመው አስተካከሉት። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ለጠፉባቸው ልጆቻቸው ሻማ ያበራሉ፤ ለእሱም እንደሚያበሩ ነገሯት።

አክስቴ ይህን ስትሰማ እኔም በቪዲዮ አብሬያቸው ነበርኩ። ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ስልኩ ቀረብ አለችና እንዲህ አለች፦

«እሳቸውስ? የልጆቻቸው ስም ማን ማን ነው? ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፤ ልጻፈው።»